ነህምያ ምዕራፍ 8ን እንሰብካለን፣ ምዕራፍ 5ን ለምን እንዘላለን?

የማስታወሻ ደብተር (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ረዘም ያለ ነው፣ ታገሱኝ።

በቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነኝ፣ አልፎ አልፎም እሰብካለሁ። ፓስተር አይደለሁም፣ ተራ ሲደርሰኝ ነው መድረክ ላይ የምወጣው። ዘንድሮን «የመታደስ ዓመት» ብለን አወጅን። ጾም ጸሎት ተደረገ፣ ኮንፈረንስ ተደረገ፣ ባነር ተሰቀለ። እኔም ሁለት ጊዜ ሰበክኩ፣ ሁለቱንም ጊዜ ከነህምያ ምዕራፍ 8። ታውቁታላችሁ። ዕዝራ የእንጨት መድረክ ላይ ቆሞ ከማለዳ እስከ እኩለ ቀን ሕጉን ያነባል፣ ሌዋውያኑ ለሕዝቡ ትርጉሙን ያስረዳሉ፣ ሕዝቡ ያለቅሳል፣ ከዚያ «የእግዚአብሔርም ደስታ ኃይላችሁ ነውና አትዘኑ» ይባላል። ለሰባኪ እንዲህ የሚመች ክፍል የለም። አሜኑ ራሱ እዚያው ተጽፎልሃል፣ ያውም ሁለት ጊዜ።

ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛው ስብከት ልዘጋጅ ብዬ መጽሐፉን ከምዕራፍ 1 ጀምሬ ሳልነሳ አነበብኩት። ምዕራፍ 5 ላይ ቆምኩ። ስንት ጊዜ ያለፍኩት ምዕራፍ ነው፣ ለካ አላየሁትም። ሕዝቡ የኢየሩሳሌምን ቅጥር እየሠራ ነው። በዚያው ጊዜ እርሻውንና ቤቱን አስይዞ እህል ይበደራል፣ ልጆቹን ለባርነት ይሰጣል። አበዳሪዎቹ ባዕዳን አይደሉም፣ የገዛ ወንድሞቹ ናቸው። ሥራውን የሚመራው ገዢው ነህምያ በጣም ተቆጣ። የተቆጣው ግን ሕዝቡን አይደለም፤ ታላላቆቹንና ሹማምቱን ነው፣ ትልቅ ጉባኤ ሰብስቦ። እርሻውን፣ ወይኑን፣ ወይራውን፣ ቤቱን፣ የምትወስዱትንም ወለድ መልሱ አላቸው። ዝም አሉ፣ የሚመልሱት ቃል አጡ።

ከዚያ ቁጥር 10 መጣ። እኔም ወንድሞቼም ሎሌዎቼም ገንዘብና እህል አበድረናል ይላል። እኔም! ገሣጩ ራሱን ከተገሣጮቹ ጋር ቆጠረ።

ስለዚህ የምዕራፍ 8 ልቅሶና አሜን የመጣው ከምዕራፍ 5 በኋላ ነው። የሕጉ መጽሐፍ ከመከፈቱ በፊት የታላላቆቹ የብድር ሂሳብ ተከፈተ።

የድሮ የስብከት ማስታወሻዬን አወጣሁ። ስለ እምነት የሰበክኩት ሁሉ ለምእመኑ ነው፦ እመኑ፣ አትጠራጠሩ። ስለ መታደስም ለምእመኑ፦ ተነሱ፣ ንቁ፣ ስጡ። ስለ መሪነትስ? እሱም ለምእመኑ ሆኖ አገኘሁት፦ «ለዋኖቻችሁ ታዘዙ»። ስለ መሪ በሰበክኩ ቁጥር የቤት ሥራውን የሰጠሁት ለተመሪው ነው።

እናንተ ጋስ እንዴት ነው? መሪዎችን የሚነካ ስብከት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወይስ ጉዱ የእኔ ብቻ ነው?

የኋላ ወንበር

ሁሌ ኋላ ነው የምቀመጠው፣ ስለዚህ ብዙ አያለሁ 😄 «ጎረቤትህን ንካና ዘንድሮ ያንተ ዓመት ነው በለው» እየተባልኩ የምነካው ጎረቤቴ ሦስት ዓመት ሙሉ ያው ሰውዬ ነው። ዓመቱ አልመጣለትም። አሁን እጄን ሳነሳ ራሱ ይሸሸኛል።

ለጥያቄህ መልሴ አልሰማሁም ነው። መሪዎች የፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ ስብከቱ ግን በላያቸው አልፎ እኛ ጋ ነው የሚያርፈው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ ወንድሜ፣ አትቀየመኝ። ቁጥር 10 መጣ ብለህ ቶሎ አለፍከው። አንተስ ምን አበድረህ ነው?

ጽኑ ቆሞ

ወንድሞች፣ እንጠንቀቅ። «የቀባኋቸውን አትዳስሱ» ይላል ቃሉ። ዳዊት ሳኦልን ዋሻ ውስጥ አገኘው፣ ሊገድለው ይችል ነበር፣ እጁን አላነሳበትም። ዛሬ መሪን መተቸት ፋሽን ሆኗል። መሪ ከመድረክ ሲዘለፍ የነበረበትን ቤተ ክርስቲያን በዓይኔ አይቻለሁ። ለሁለት ተከፈለ፣ አሁን ሁለቱም የሉም። ክሩን የከፈትከው ወንድም፣ ሽማግሌ ነህ፣ ስብሰባ አለህ። እዚያ ተናገር። ምእመን ፊት ገመና መዘርገፍ ለማንም አይጠቅምም።

አወያይ

የቤተ ክርስቲያንም ሆነ የሰው ስም እንዳትጠሩ። ቀጥሉ።

ዝምተኛ አንባቢ

ብዙ ጊዜ አልጽፍም፣ ይቺ ጥቅስ ስትነሳ ግን ዝም ማለት ያቅተኛል።

ጽኑ ቆሞ፣ መዝሙር 105ን ከቁጥር 12 ጀምረህ አንብበው። የተቀቡት የተባሉት እነማን ናቸው? እነ አብርሃም፣ እነ ይስሐቅ፣ እነ ያዕቆብ። ቁጥራቸው ጥቂት፣ ርስት የሌላቸው፣ ከሕዝብ ወደ ሕዝብ የሚዞሩ እንግዶች። አትዳስሱ የተባሉትስ? ነገሥታት ናቸው። ስለ እነርሱ ነገሥታትን ገሠጸ ይላል። ጥቅሱ አቅም የሌለውን ከባለ ሥልጣን የሚጠብቅ ነበር፣ እኛ ገልብጠን ባለ ሥልጣኑን አቅም ከሌለው ሰው እንጠብቅበታለን።

ዳዊትም እጁን አላነሳም እንጂ አፉን አልዘጋም። 1ኛ ሳሙኤል 24ን እስከ መጨረሻው ሂድ። የልብሱን ጫፍ ቆርጦ ይዞ ከዋሻው ወጣ፣ ሦስት ሺህ ሰው አስከትሎ የመጣበትን ንጉሥ ከኋላው ጠራው፣ ለምን ታሳድደኛለህ አለው፣ በእኔና በአንተ መካከል እግዚአብሔር ይፍረድ አለው። ይሄ ዝምታ ነው?

ደግሞ ሳሙኤል አለ። ሲያረጅ ሕዝቡ ፊት ቆመና የማንን በሬ ወሰድኩ፣ የማንን አህያ ወሰድኩ፣ ከማን እጅ ጉቦ ተቀበልኩ፣ መስክሩብኝ አለ (ምዕራፍ 12)። ነገሥታትን የቀባው ሰው እኮ ነው። ዳስሱኝ ያለው እሱ ነው።

ጽኑ ቆሞ

ስለ መዝሙሩ እውነትሽን ነው፣ አውዱን ልብ አላልኩትም። ስለ ጥንቃቄው ግን አልለቅም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥19 በሽማግሌ ላይ ክስ ያለ ሁለት ወይም ሦስት ምስክር እንዳይቀበሉ ያዛል። ሰው ቤቱን ለቆ ያገለግላል፣ ከዚያ በአንድ ወሬ ይጠፋል። እሱንም እናስብ።

ሰናፍጭ

እኔ ወደ እምነቱ ልመለስ፣ ምክንያቱም ከመሪነቱ ጋር የተጣበቀ ነገር አለው።

እናቴ ለረጅም ጊዜ ታማ ነበር ያረፈችው። በዚያ ጊዜ የሰማሁት ስብከት ሁሉ «እምነት ካለሽ ትነሳለች» ነበር። ዕብራውያን 11 ስንት ጊዜ ተሰበከ! ግን ሁሌ ቁጥር 35 መሃል ላይ ነው የሚቆመው። «ሴቶች ሙታናቸውን በትንሣኤ ተቀበሉ»፣ አሜን፣ ሃሌሉያ፣ ዘማሪዎች ውጡ። እዚያው ቁጥር ውስጥ ግን ቀጥሎ «ሌሎችም» ይላል። የተሠቃዩ፣ የታሰሩ፣ በመጋዝ የተሰነጠቁ፣ የበግ ሌጦ ለብሰው የዞሩ። እነሱም በእምነታቸው ተመሰከረላቸው፣ የተሰጠውን የተስፋ ቃል ግን አላገኙም። ጳውሎስ ራሱ ጥሮፊሞስን ታሞ ሚሊጢን ትቶት ነው የሄደው (2ኛ ጢሞ. 4፥20)። እምነት አጥሮት ነበር የሚል ሰው አልሰማሁም።

ከመሪነት ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። እምነትሽ ነው የሚጎድለው ከተባልኩ በኋላ ችግሩ የእኔ ሆነ፣ የእኔ ከሆነ ደግሞ ማንም ቤታችን መምጣት አላስፈለገውም። ኋላ ያዕቆብ 5ን ሳነብ ተናደድኩ። የታመመ ሰው ሽማግሌዎችን ይጥራ፣ እነሱ ዘይት ቀብተው ይጸልዩለት፣ የእምነት ጸሎት ድውዩን ያድናል ይላል። የማን ጸሎት? የሽማግሌዎቹ! እዚያ እምነት የተጠየቀው ከጸላዩ ነው፣ አልጋ ላይ ካለው አይደለም። ማርቆስ 2 ላይም ሽባውን በጣራ ያወረዱትን ሰዎች ነው፣ «እምነታቸውን አይቶ» የሚለው።

እኔ ጋ የመጣችው አንዲት የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ነበረች። ሽማግሌ አይደለችም። ልብስ አጠበችልን።

የኋላ ወንበር

ሰናፍጭ 🙏 ምንም የምጨምረው የለኝም።

ጡረተኛው መጋቢ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ልጆቼ። ልጄ ነው ይህን ክር ያሳየኝ። 31 ዓመት መድረክ ላይ ቆሜያለሁ፣ አሁን እኔም ከኋላ ነው የምቀመጠው፤ ስለዚህ ለ«የኋላ ወንበር» ጎረቤት ነኝ ማለት ነው፣ ግን እንዳትነካኝ።

መሪ ለምን አይሰበክም ላላችሁት የማውቀውን ልናገር። መሪ ስብከት አይሰማም፣ ስብከት ይገመግማል። እኔ እንግዳ ሰባኪ ጋብዤ ስቀመጥ ሰዓቱን አያለሁ፣ ድምጹ ደህና ነው ወይ እላለሁ፣ እገሌ ዛሬ ለምን ቀረ እላለሁ፣ ጠንከር ያለ ቃል ሲመጣ ደግሞ «ይሄ ለእገሌ ነበር» እያልኩ በሐሳቤ አከፋፍላለሁ። ለራሴ የሚተርፍ የለም። ጳውሎስ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሚሊጢን ጠርቶ ሲሰናበታቸው «ለራሳችሁና ለመንጋው ሁሉ ተጠንቀቁ» አለ (ሐዋ. 20፥28)። ለራሳችሁ የሚለው ነው የቀደመው። እኔ ለብዙ ዓመት ሁለተኛውን ብቻ ነበር የማነበው።

ስለ እምነትም ደፍሬ ልናገር። እምነቴ ደርቆ ስለ እምነት የሰበክኩባቸው እሑዶች ነበሩ፣ አንድና ሁለት አይደሉም። ያን ጊዜ ያጽናናኝ የእንግሊዛዊው ሰባኪ፣ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች የጆን ዌስሊ ታሪክ ነው። ሰውየው በ1728 እ.ኤ.አ. ቅስና ተቀብሎ፣ አትላንቲክን ተሻግሮ በሚስዮን አገልግሎ፣ ተስፋ ቆርጦ የተመለሰ ነው። ከ10 ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ በ1738፣ እምነት እንደሌለው ገባውና መስበኬን ልተው ወይ ብሎ ፒተር ቦለር የሚባለውን የሞራቪያ ወንድም (ሞራቪያውያን የፕሮቴስታንት ማኅበር ናቸው) ጠየቀ። ቦለር አይሆንም አለው። እምነት እስክታገኝ ድረስ እምነትን ስበክ፣ ካገኘኸው በኋላ ደግሞ ስላለህ ትሰብከዋለህ አለው። ሜይ 24 ማታ፣ አንድ ትንሽ ስብሰባ ላይ ሳይወድ በግድ ሄዶ ተቀምጦ፣ ሌላ ሰው ሲያነብ እየሰማ ነው ልቡ የሞቀው። እዚያ ማታ ሰባኪው እሱ አልነበረም። አድማጭ ነበር። ለዚህ ነው ታሪኩን የምወደው።

ጽኑ ቆሞ፣ ልጄ፣ የጠቀስከው ቁጥር 19 ልክ ነው፣ በወሬ ሰው አይጥፋ። ቁጥር 20ንም አብረህ ጥቀሰው። ኃጢአት የሠሩትን በሁሉ ፊት ገሥጻቸው ይላል። ሁለቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ናቸው፣ አንዱን ብቻ መርጠህ አትኑርበት።

ነህምያንም ግን ቅዱስ ሥዕል አታድርጉት። ምዕራፍ 13ን አንብቡ። ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ያ ሁሉ መታደስ ፈርሶ ጠበቀው። የቅጥሩን ሥራ ሲቃወም ለነበረው ለጦብያ በእግዚአብሔር ቤት ጓዳ ተሰጥቶታል፣ ሌዋውያኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ወደ እርሻቸው ሸሽተዋል። እሱም ተቆጥቶ ሰው መታ፣ ጠጉር ነጨ። አንድ ሰው ሲርቅ የሚፈርስ መታደስ ምን ዓይነት መታደስ ነው እያልኩ አሁንም አስባለሁ። ሙሴን አማቱ ዮቶር ብቻህን ከሠራህ አንተም ሕዝቡም ትዝላላችሁ ያለው በከንቱ አልነበረም።

ተማሪ ነኝ

መጋቢ፣ ይባረኩ። ሰባኪና ጭብጨባ ሲነሳ ዮሐንስ አፈወርቅ ትዝ አለኝ። ሕዝቡ ስብከቱ ላይ እያጨበጨበ ቢያስቸግረው ከዛሬ ጀምሮ ጭብጨባ ይቁም ብሎ ሰበከ፣ እሱንም ሲናገር አጨበጨቡለት 😂 ግን ሰውየው በ398 እ.ኤ.አ. የቁስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳስ ሲሆን ቶሎ ብሎ ያየው የራሱን መንበር ወጪ ነው። የጳጳሱን ቤት ወጪ ቀንሶ ለሕሙማን ማረፊያ አዋለው። ከዚያ ነው ባለጠጋውንና ቤተ መንግሥቱን የገሠጸው። ጠላት አበዙበት፣ በ404 ተሰደደ፣ በ407 እዚያው ስደት ላይ አረፈ። ምዕራፍ 5ን ያልዘለለ ሰው ማለት እሱ ነው።

የማስታወሻ ደብተር (ክሩን የከፈተ)

ሁላችሁንም አነበብኩ፣ የሰናፍጭን ሦስት ጊዜ። እህቴ፣ ሽማግሌ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ቤት ሳልሄድ የቀረሁበት ጊዜ አለ። ምክንያቴ ሁሌ ስብሰባ ነበር።

«የኋላ ወንበር» የጠየቅከኝን አልረሳሁም፣ ላመልጥ ነበር እንጂ። ያበደርኩት ይሄ ነው። የሽማግሌነት ጊዜያችን ያለቀው ካቻምና ነው። መተዳደሪያ ደንባችን ምርጫ ይደረግ ይላል። ስብሰባ ተቀምጠን፣ ዓመቱ የመታደስ ዓመት ስለሆነ ምእመኑ በምርጫ እንዳይረበሽ ብለን አራዘምነው። እጄን አውጥቻለሁ። እንዲያውም «እንዳይረበሽ» የምትለዋን ቃል ያመጣኋት እኔ ነኝ። ስታራዝሙ ማን ጠየቃችሁ ብትሉ ማንም። ለምእመኑም አልተነገረም። እንግዲህ እኔ መድረክ ላይ ቆሜ «ተነሱ» የምለው ከማይገባኝ ወንበር ላይ ተነስቼ ሳይሆን እዚያው ላይ ሆኜ ነው።

ተራዬ የፊታችን እሑድ ነው። ልስበከው ወይስ ስብሰባ ላይ ልጨርሰው?

ጽኑ ቆሞ

ለመናገርህ አከብርሃለሁ። መጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው። ከመድረክ ሲሰሙት ወጥመድ ይመስላቸዋል።

ዝምተኛ አንባቢ

እስማማለሁ፣ እንዳትደነቁ። ግን ንገራቸው እንጂ አታስፈቅዳቸው። ከነገርካቸውም በኋላ የእነሱን አትናዘዝላቸው፣ የራስህን ብቻ ተናገር። ነህምያ «እኔም» ነው ያለው።

ጡረተኛው መጋቢ

ልጄ፣ አታልቅስ መድረክ ላይ። ካለቀስክ ያጽናኑሃል፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። ደንቡን በእጅህ ይዘህ ውጣ። ቀኑን አንብብ።

የኋላ ወንበር

ጎረቤትህን ንካ ካልክ ግን እኔ የለሁበትም።

የማስታወሻ ደብተር (ክሩን የከፈተ)

ተመልሻለሁ። እሑድ አለፈ።

ሐሙስ ማታ ለሽማግሌዎቹ ነገርኳቸው። አንዱ ሰይጣን ነው የላከህ ባይለኝም ፊቱ ብሎኛል። አንዱ ዝም አለ። ሰብሳቢያችን ግን ቆይቶ «ደንቡ ላይ ቀኑ የቱ ጋ ነው?» አለኝ፣ አሳየሁት፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና እንደገና አነበበው።

እሑድ ምዕራፍ 5ን ሙሉውን አነበብኩ፣ 19ኙንም ቁጥር። ነህምያ 12 ዓመት የገዢነት ቀለቡን አለመብላቱ ጋ ስደርስ ጉባኤው በጣም ጸጥ አለ። እንደተለመደው አሜን አልነበረም። ከዚያ የራሴን ተናገርኩ። ጊዜዬ አልቋል፣ ሳይነገራችሁ አራዝሜዋለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ምርጫ እስኪደረግ ድረስ ድምፅ አልሰጥም አልኩ። አላለቀስኩም መጋቢ። ድምፄ ግን ተንቀጥቅጧል፣ አልዋሽም። 22 ደቂቃ ብቻ ነው የሰበክኩት፣ ከዚህ አጭር ሰብኬ አላውቅም።

ከጸሎት በኋላ ብዙ ሰው አልፎኝ ሄደ። አንዲት እናት ጠጋ ብለው እጄን ያዙና «ባሌ ከሞተ ወዲህ ማንም አልመጣም» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። ማክሰኞ ሄጄ ሁለት ሰዓት ተቀምጬ መጣሁ። ሳላቋርጣቸው መስማት ምን ያህል እንደሚከብደኝ አየሁ።

ሰናፍጭ

ማክሰኞ ስለ ሄድክ አመሰግናለሁ።

የኋላ ወንበር

ምርጫውስ? ቀን ተቆረጠ?

የማስታወሻ ደብተር (ክሩን የከፈተ)

አልተቆረጠም። ሰብሳቢው ለሚቀጥለው ወር ስብሰባ አንደኛ አጀንዳ ይሁን ብሏል። ሁለቱ ይቃወማሉ መሰለኝ።

ጡረተኛው መጋቢ

ቃለ ጉባኤው ላይ መጻፉን አይተሃል?

የማስታወሻ ደብተር (ክሩን የከፈተ)

አላየሁም። ነገ ጸሐፊውን እጠይቀዋለሁ።